የባ ቀኝ እግር

ፍራንክፈርት፣ ሰኔ 2004 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎንስ ተሻለዎት? እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን ደህና ነን። ሰፈራችን ፕሮይንገስሃይም ዘንድሮ ፀሐይ አላጣችም።

ልጄ ባሕሩ በአማርኛ ሳናግረው በጀርመንኛ እየመለሰ፣ ከአያቱ ጋር ሳይግባባ ሊቀር ነው ብዬ ስብሰለሰል እንደከረምኩ ያውቃሉ። አሁን የሆነውን ይስሙኝ።

ባለፈው ማክሰኞ የባሕሩ ክፍል ተማሪዎች በሙሉ ለጉብኝት ሲወጡ፣ እኔም ከአረጋውያን መጦሪያው ሥራዬ ፈቃድ ጠይቄ አብሬ ሄድኩ። የሄድነው ከከተማው ወጣ ወዳለ መንደር፣ የዛሬ መቶ ሃምሳ ዓመት ተሠርቶ አሁን ወደታደሰ ባለ አንድ ክፍል ትምህርት ቤት ነው። አባዬ፣ የእርስዎን ፊደል ቤት ያየሁ መሰለኝ! ትንሹም ትልቁም አንድ ላይ ተቀምጦ፣ ትልቁ ትንሹን እያስቀጸለ ነበር አሉ የሚማሩት። በብርድ ጊዜ ልጅ ሁሉ ለምድጃው ፍልጥ ይዞ ይመጣ ነበር።

የጥንቱን መምህር ሆኖ ያስጎበኘን ጥቁር ካፖርት የለበሰ ሽማግሌ ነው። ልምጩን ጠረጴዛው ላይ ጧ አድርጎ ባሕሩን ወደፊት ሲጠራው፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ ብድግ ብዬ የኔታ ይማሩልኝ አልኩ። ያውም በአማርኛ! ልጆቹ አውካኩ። ባሕሩ እንኳ፣ ማማ ትያትር እኮ ነው ብሎ በጀርመንኛ ገሠጸኝ።

ሽማግሌው ለካ የስሙን የመጀመሪያ ፊደል ሰሌዳው ላይ እንዲጽፍ ፈልጎ ኖሯል። ልጄ ጠመኔውን ይዞ ባን ጻፋት። የእኛን ባ! በ በር ናት፣ ቀኝ እግሯ ሲረዝም ባ ትሆናለች ብሎም አስረዳው። ማን አስተማረህ ብዬ ስጠይቀው፣ አባባ በስልክ አለኝ። እሑድ እሑድ ለእኔ ሁለት ቃል ሳይናገሩ ልጁን አቅርቢልኝ የሚሉኝ ለዚህ ነዋ! እኔ ሞኟ ቀንቼ ነበር። አሁን ግን ደስታዬን የማደርግበት አጣሁ።

ዕድሜዎን ያርዝምልን፤ ምርቃትዎ አይለየን።

ልጅዎ

ከታች ያለችው ቃል የባሕሩ ናት። ጎረቤትዎ ጸሃየ እያነበበልዎ እዚህ ሲደርስ ወረቀቱን ያቀብልዎ። ለአባባ ነው ብሎ እስክሪብቶውን ተጭኖ ስለጻፋት ወረቀቱ ጎድጉዷል፤ ዓይንዎ ባያያትም በጣትዎ ይዳስሷት።

አባባ