የጃቢ ጨዋታና የገርባ ማሳ

እኔ ዲሪርሳ ሚልኬሳ፣ ዕድሜዬ ስልሳ አንድ፣ በቡራዩ የሥዕል አስተማሪ የነበርሁ፣ ኩላሊቴ ቢከዳኝም አእምሮዬ አለመክዳቱን አራት ምስክሮች እያዩ፣ ዛሬ ሰኔ 12 ቀን 2008 ዓ.ም. የመጨረሻ ቃሌን ለአቶ ዳኜ እየነገርሁ አስጽፌአለሁ። ያስገደደኝ የለም። የሚያስገድደኝ ቢኖርማ ቢያንስ ጠያቂ አለኝ ማለት ነበር።

አንደኛ። መኖሪያ ቤቴና ጓሮው ለልጄ ለሄመን ይሁን። ሌላ ልጅ የለኝም፤ እናቷ ከሞተች ወዲህም ደግፋ የምታነሣኝ እሷ ናት።

ሁለተኛ። ከቤቱ ይልቅ የሚያጣላው «ጃቢ» የተባለው የስልክ ጨዋታ ስለሆነ ነገሩን ከሥሩ አስረዳለሁ። እኔ ሣልሁ፣ ሄመን ፕሮግራሙን ጻፈች፤ ሦስት ዓመት ፈጀብን። ተጫዋቹ ጃቢን፣ ማለትም ጥጃዋን፣ የማንንም ገብስ ሳያስረግጥ ከገፈርሳ ውኃ እስከ በረት ይነዳል። ለጨረሰ ልጅ የሰፈሩ ካርታ በሙሉ ይከፈትለታል። ማንበብ ለማይችሉት ብለን ፊደል አላበዛንም። ልጆችን አስቀምጠን ሲጫወቱ ዝም ብለን እናያለን፤ ልጅ ያዛጋበትን ቦታ ሄመን በማግስቱ ትሰርዘዋለች። መኪናና ጠመንጃ የለመደ ልጅ የእኛን ጨዋታ የሚወደው የአባቱን ማሳ ሲያይበት ነው። «ይኼ የኛ ነው» ካለ በኋላ ስልኩን ከእጁ ማስለቀቅ አይቻልም። ስለዚህ የሰፈሩን ማሳ በእርምጃዬ ለክቼ፣ ባለቤቱን ጠይቄ፣ ወሰኑን ሳላዛንፍ በትልቅ ወረቀት ሣልሁት፤ ቀለም ቀብቼም፣ ሄመን ወደ ጨዋታው ካስገባችው በኋላ፣ ግድግዳዬ ላይ ለጠፍሁት። ጥፋቴ ይህ ነው።

ታኅሣሥ ላይ፣ የገበሬውን መሬት ለከተማ ይወስዳል በተባለው ማስተር ፕላን ምክንያት አገር ሲታመስ፣ ታናሽ ወንድሜ ገርባ ቤቴ ገብቶ ግድግዳውን አየ። ምንድን ነው ብሎ አልጠየቀኝም። በማግስቱ ሰው በተሰበሰበበት፣ «ማስተር ፕላን የምትሉት ዲሪርሳ ቤት ተለጥፏል፤ የእኔም መሬት ቢጫ ተቀብቷል» አለ። ቢጫ የቀባሁት ኑጉ አብቦ ስላየሁት ነበር። ወረቀቴን ሁሉ አውጥተው ደጄ ላይ አቃጠሉት። እድሩም ሰረዘኝ። ልጆቻቸውን ያስተማርሁላቸው ሰዎች እግዜር ይማርህ ሳይሉኝ ስድስት ወር ሆናቸው።

በዚያው ሰሞን መንገድ ለመዝጋት የየማሳውን የወሰን ድንጋይ ፈንቅለው አስፋልት ላይ አንከባለሉት፤ የወሰኑንም ባሕር ዛፍ ቆርጠው አጋደሙት። ፕላኑ በጥር ቀረ ተባለ፤ ድንጋዩ ግን ወደ ቦታው አልተመለሰም። ዛሬ ጎረቤት ከጎረቤት ይካሰሳል። የገርባንም ማሳ ጎረቤቱ አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም እያለ ገፍቶበታል። ባለፈው እሑድ ገርባ መጣና በር ላይ ቆሞ፣ «ጋሼ፣ የዚያ ሥዕል ቅጂ የለም ወይ? የኔን ብቻ አትምልኝ፤ ሽማግሌ ፊት ላቀርበው ነው» አለኝ። ስለ ተቃጠለው አንድ ቃል አልተነፈሰም። ተናድጃለሁ፤ ዛሬም አልበረደልኝም።

ሦስተኛ። ጨዋታው የሄመን ይሁን፤ ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ በነፃ ትጫንለት። ካርታው ግን ታትሞ ለአዋቂ አይሰጥ።

አራተኛ። ያልከፈልሁት ዕዳ አለ። ጨዋታውን ከሁሉ ቀድማ የጨረሰችው የገርባ ልጅ ድንቅቱ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። አጎቷ ነኝና «አቤራ» ትለኛለች፤ «አቤራ፣ ጃቢ ለምን ዞር ብላ አታየኝም? የኛ ጥጃ እኮ ታየኛለች» ብላኝ እሺ ብያት ነበር። አባቷ እኔ ዘንድ እንዳትመጣ ከለከላት፤ እኔም ታመምሁ። ሄመን ጃቢን ዞር ብላ እንድታይ ታድርጋት። ብሩሾቼና ቀለሞቼም ለድንቅቱ ይሁኑ።

አምስተኛ። ለወንድሜ ለገርባ። እንዳልነፍገው የእናቴ ልጅ ነው፤ እንዳልሰጠው አመድ አሳፍሶኛል። ስለዚህ ወሰኑን ማወቅ ከፈለገ ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ ይጫወት። ጃቢን የሰው ገብስ ሳያስረግጥ በረት ያደረሰ ዕለት የቢጫውን ማሳ አራት ማዕዘን ያየዋል፤ ያን ዕለት ለእሱ ብቻ ሄመን አትማ ትስጠው። ቸኩሎ የሰው ማሳ ከገባ ግን እንደ ማንኛውም ልጅ ከውኃው ይጀምራል። ድንቅቱ ታስተምረው፤ እሱም እንዳይጮኽባት።

ገርባን ለምስክርነት አልጠራሁትም፤ አንድ ጊዜ መስክሮብኛል፣ ይበቃኛል።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ ትክክል ነው ብዬ ፈርሜአለሁ። በአምስተኛው ላይ ያለው ስርዝ ድልዝ በፈቃዴ የተደረገ ነው፤ በፊት «ለጠላቴ» አስብዬ ነበር፣ ሲነበብልኝ «ለወንድሜ» ብለህ ጻፈው አልሁት።

ተናዛዥ፦ ዲሪርሳ ሚልኬሳ (ፊርማ)
ምስክሮች፦ አረጋሽ በየነ (ፊርማ)፣ ዲኖ ሁሴን (ፊርማ)፣ ብርሃነሽ ቱሉ (የጣት አሻራ)፣ መሰረት ደገፋ (ፊርማ)
ጸሐፊ፦ ዳኜ አያሌው (ፊርማ)