ማንን እንቋጥር?

ደባርቅ፣ ዓርብ መጋቢት 9 ቀን 1980 ዓ.ም.

ዛሬ ትምህርት ቤቱን አዘግተው መምህራንን ቀበሌ አዳራሽ ሰበሰቡን። ከጎንደር የመጣው ካድሬ፣ አገሪቱ በውጭ ዕዳ ስለተያዘች ቀበቶ ማጥበቅ አለብን አለ። የእሱ ቀበቶ ከቦርጩ ሥር ገብቶ አይታይም። ሁዳዴ ለሚጾም ሕዝብ ቁጠባ የሚሰብክ ጅል ከየት እንደሚያመጡት እንጃ።

ገብስ ሊያስፈጩ ከጃናሞራ የመጡት ሽማግሌ፣ አያ ተገኘም፣ ከመንገድ ተይዘው ገብተዋል። እጃቸውን አወጡ።

«በእኛ ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ተበዳሪና አበዳሪ ኩታ ለኩታ ተቋጥረው ነበር ዳኛ ፊት የሚሄዱ። እንዲያ ሲሆን ተበዳሪው አይጠፋም። ይህንን ብድር የበላው ማነው? ማንን እንቋጥር?»

«ተበዳሪው ሰፊው ሕዝብ ነው» አለ ካድሬው፣ የመለሰ መስሎት። እኛም አጨበጨብን።

አያ ተገኘ የጋቢያቸውን ጫፍ አገላብጠው አዩ። «ሳልበደር ተቋጥሬ ኖሯል ለካ» ብለው ተቀመጡ።

ሲወጡ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች በር ላይ ጠብቀው ወሰዷቸው። ካድሬው በግ ታርዶለት ስለነበር ወደ ምሳው ቸኮለ፤ በዓርብ፣ ያውም በሁዳዴ።

መሽቷል። ገብስ የጫነች አህያቸው እስካሁን አዳራሹ ደጅ ቆማለች።