በጉልበት ላይ የሚቀመጥ የጽሕፈት መኪና

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ለቁም ጸሐፊ ወልደአማኑኤል፤
መሐል ሜዳ፣ መንዝ።

አባዬ፣ እንደምን ከርመዋል? የዘንድሮው ብርድ እንዴት ይዞዎታል? ያ የጉልበትዎ ውጋት ተወዎት ወይስ አሁንም ደረጃ ሲወጡ ያስቆምዎታል? እማዬስ እንዴት ናት? ከሁሉ በላይ ግን ዓይንዎ እንዴት ነው? እኔ፣ ባለቤቴ መርጋና ትንሹ ቀነዓ ፈጣሪ ይመስገን ጤና ነን፤ ከእናንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እዚህ ናዝሬት በጥር ወርም ላብ ነው። ብርዳችሁን በጆንያ ጭናችሁ ብትልኩልን እልል ብለን እንቀበለው ነበር።

ወንድሜ ሰብስቤ በኅዳር የጻፈልኝ ደብዳቤ ደርሶኛል። የሚመጣልዎትን ደብዳቤ ሁሉ አሁን እሱ እንደሚያነብልዎት፣ የቀለም ቀንድዎም ደርቆ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነገረኝ። እንዳይነግረኝ አዘውት እንደነበርም አውቃለሁ፤ እባክዎ አይቆጡት። ያንን ቀንድ ያለ ቀለም አይቼው አላውቅም።

ይህን ወረቀት ገና ሲገልጡት ፊትዎ እንዴት እንደተቋጠረ ከዚህ ሆኜ ይታየኛል። የእጄ ጽሑፍ አይደለም፣ የመኪና ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የታይፕ ትምህርቴን ጨርሼ፣ በደስታ ሰክሬ የላክሁልዎትን የመጀመሪያ ደብዳቤ ሁለታችንም አልረሳነውም። በየመስመሩ ቀይ ቀለም አልብሰው መለሱልኝ። ከግርጌውም፣ ልጄ ሆይ፣ እነዚህን ምስኪን ፊደላት ማን ደበደባቸው፣ ከእጅ አይሻል ዶማ፣ ሁለተኛ እንዲህ ያለ ነገር ደጄ እንዳይደርስ ብለው ጻፉበት። ያን ጊዜ አኩርፌ አለቀስኩ። ወረቀቱ ግን እስካሁን ሣጥኔ ውስጥ አለ። ከዚያ ወዲህ ለእርስዎ በእጄ ብቻ ስጽፍ ኖሬ ዛሬ ትእዛዝዎን ጣስኩ። ምክንያቱን ልንገርዎትና ከዚያ በኋላ ይፍረዱ።

ቀነዓ ከተወለደ ጀምሮ በወሊድ ፈቃዴ ላይ የዓመት ፈቃዴን ቀጥዬ እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ቤት ነበርኩ። ወደ ሥራ ስመለስ ልጁን ቀኑን ሙሉ የምተውለት ሰው ግን አጣሁ። መርጋ ከባድ መኪናውን ይዞ አንዴ ወደ አሰብ ከወረደ ሁለት ሳምንት ድምፁ አይሰማም። ጎረቤቴ ፋዲላ፣ አላህ ይስጣትና፣ እስከ ቀትር ልትይዝልኝ ቃል ገባችልኝ፤ ከቀትር በኋላ ግን ገበያ የምትሸጠው ቅመም አላት። አለቃዬ ጓድ አስፋው ደግሞ ቁርጡን ነገሩኝ። ገናን ውለሽ ጥር ሁለት ቀን ገብተሽ ሙሉ ቀን ካልሠራሽ በቦታሽ ሌላ ሰው ይቀጠራል አሉኝ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም፤ የሚጻፈው ወረቀት ጠረጴዛቸውን አልፎ ወንበር ላይ ተቆልሏል። እኔ ግን ከልጄና ከእንጀራዬ አንዱን ምረጪ የተባልኩ ያህል ነው የተሰማኝ።

ሳይደግስ አይጣላም ይሉ የለ? የእኛ ቢሮ ሦስት ታይፒስቶች አሉት፣ የሚሠሩት መኪኖች ግን ሁለት ናቸው። ሁልጊዜ አንዳችን እጃችንን አጣጥፈን ተራ እንጠብቃለን። ይህን እያሰብኩ ቀነዓን ሳጥብ ድንገት አንድ ነገር መጣልኝ፤ ልጁን ከነሳሙናው አቅፌ ቆምኩ። የራሴ መኪና ቢኖረኝስ? ጠዋት ቢሮ እሠራበታለሁ፣ ተራ ጠባቂም አይኖርም። በቀትር ይዤው ቤቴ እገባና ልጄ አጠገብ ቁጭ ብዬ የቀረውን እመታለሁ። በማግሥቱ ለጓድ አስፋው ይህንኑ ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ሳቁ። ሲስቁ ያየኋቸው ያን ቀን ነው። መኪናው በየቀኑ ከቤት ቢሮ የሚመላለስ ከሆነ፣ ጽሑፉም ከቢሮው ጽሑፍ የማያንስ ከሆነ፣ ቀበሌም መዝግቦ ካወቀው ይሁን አሉኝ። ቀኑ ግን ያው ጥር ሁለት ነው።

እንዴት ያለ ሩጫ ሆነ መሰለዎት! የእቁቤ ተራ ደርሶኝ ስለነበር በገንዘቡ በኩል አልተጨነቅኩም። የተጨነቅኩት በምርጫው ነው። መጀመሪያ አንድ የታይፕ ማስተማሪያ ቤት ዕቃውን እንደሚሸጥ ሰማሁና ሄድኩ። ትልቅ፣ ጥቁር፣ ፊደሉ የጠራ መኪና አሳዩኝ። በሰፊ ጠረጴዛቸው ላይ ሞከርኩት፤ እጄ እንደ ውኃ ፈሰሰ። አላመነታሁም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይኼኔ ነው፣ አባዬ። ጋሪ ጠራሁ። ባለጋሪው ከፍ ሲያደርገው ወገቡን ይዞ፣ ይኼ የወፍጮ ራስ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። መንገዱን ሁሉ ፈረሱን ሱታ፣ ሱታ እያለ፣ ቀስ በል ማለቱ ነው፣ ቤቴ አደረሰኝ።

ቤቴን እርስዎ አላዩትም። አንዲት ክፍል ናት። ጠረጴዛ የሚባል ነገር የለባትም፤ ይህንንም ከቤት ስወጣ አልረሳሁትም ነበር፣ ብቻ መኪናው ፊት ስቆም ጠፋኝ። አልጋው ላይ ባስቀምጠው ሰመጠ። መሬት ላይ ባደርገው እንደ ሰጋጅ ተደፋሁ። በመጨረሻ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ጉልበቴ ላይ ጫንኩት። አንድ ገጽ ሳልጨርስ እግሬ ደነዘዘ። ወረቀቱን የያዘው ክፍል ወደ ግራ በሄደ ቁጥር መኪናው ያጋድልና ጎኔን ይደቃኛል። ቀነዓም ድምፁን ሰምቶ እየየውን ለቀቀው። ይህን ብረት በየቀኑ ቢሮ ላመላልሰው ነው? በማግሥቱ በዚያው ጋሪ መለስኩት። ሰዎቹ እያጉረመረሙም ቢሆን ተቀበሉኝ፤ ባለጋሪው ግን እስከ ዛሬ ባየኝ ቁጥር ወፍጮሽስ ይለኛል።

የዚያን ቀን በርጩማዬ ላይ እንደተቀመጥኩ እርስዎ ትዝ አሉኝ። በቤታችን ጠረጴዛ መቼ ነበረና? ብራናውን ጉልበትዎ ላይ ዘርግተው፣ የቀለም ቀንዱን አጠገብዎ መሬት ላይ ተክለው አይደል መጻሕፍቱን ሁሉ የጻፉት? ጠረጴዛ አይታ ጉልበቷን የረሳች የቁም ጸሐፊ ልጅ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ በኋላ የምፈልገውን አወቅኩ፤ በጠረጴዛ ሳይሆን በጉልበት የሚመረጥ መኪና ነው።

ፋዲላ ናት መንገዱን ያሳየችኝ። ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ መሐመድሰዒድ የሚባሉ የወሎ ሰው ያገለገሉ የቤት ዕቃዎች ይሸጣሉ። ወደ አገራቸው የተመለሱ አንድ የውጭ አገር መምህር ዕቃቸውን ሁሉ ለእሳቸው ሸጠው ነበር። መምህሩ አማርኛ አጥብቀው የተማሩ ነበሩ አሉ። በራዲዮና በግድግዳ ሰዓት መካከል አንዲት እጀታ ያላት ግራጫ ሻንጣ ተጋድማለች። ሲከፍቷት ውስጧ የአማርኛ የጽሕፈት መኪና! ውፍረቷ እንደ ዳዊትዎ ማኅደር ነው ብል ትንሽ አጋነንኩ፣ ግን ብዙ አልዋሸሁም። በአንድ እጄ አነሳኋት። ደስታዬን አይተው ዋጋ እንዳይጨምሩብኝ ፊቴን አጠቆርኩ።

መሐመድሰዒድ ጠረጴዛቸውን ሊያጸዱልኝ ሲሉ፣ አይ በርጩማ ይስጡኝ አልኳቸው። ግራ ገባቸው። ቀነዓ ጀርባዬ ላይ እንደተኛ ቁጭ ብዬ ጉልበቴ ላይ አስቀመጥኳት፤ ልክ እዚያ የተሠራች ይመስል ረጋ ብላ ተቀመጠች። ከዚያ ምን እንደጻፍኩ ይገምቱ። አዲስ ብዕር ቀርጸው ሲጨርሱ በብራና ቁራጭ ላይ የሚጽፏትን፣ ፍትነተ ብዕር የምትለዋን። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ዐሥር ጊዜ መታኋት። መኪናዋ አላጋደለችም፣ እግሬም አልደነዘዘም፣ ልጁም አልነቃም። ሰውየው አነበቡትና ምን ማለት ነው ብለው ጠየቁኝ። አባቴ የቁም ጸሐፊ ናቸው፣ ብዕር ሳይፈትኑ መጽሐፍ አይጀምሩም አልኳቸው። የእኔም አያት ወሎ ውስጥ ቁርዓን በእጃቸው ይገለብጡ ነበር፣ እሳቸውም እንዲሁ ጉልበታቸው ላይ ነበር የሚጽፉት አሉኝ። ከዋጋውም ሳልጠይቃቸው ቀነሱልኝ።

ልከፍል ስል ግን እጄን ያዙኝ። ነውር ያለበትን ዕቃ ነውሩን ሳይናገሩ መሸጥ ሐራም ነው ብለው ከጻፍኩት ላይ አንዲት ፊደል በጣታቸው አሳዩኝ። ከመስመሩ ትንሽ ብድግ ብላ ትቀመጣለች። በውነቱ እኔ አላየኋትም ነበር። ለአፍታ ያ ቀይ ቀለምዎ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ኋላ ግን አሰብኩት፤ ሌሎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ሲቆሙ አንዷ አንገቷን ብታሰግግ ምን አለበት? ገዛኋት።

ወደ ቤት ስመለስ በቀበሌ በኩል አለፍኩና አስመዘገብኳት። ጥበቃው ሻንጣዋን ከሩቅ አይቶ አኮርዲዮን መስሎት ነበር፤ ለአብዮት በዓል ትጫወቺልናለሽ ብሎ ተደስቶ ክፈቻት አለኝ፤ ውስጧን ሲያይ ፊቱ ወደቀ። ሊቀመንበሩ የአጻጻፏን ናሙና ፈለጉ፣ ያው ፍትነተ ብዕር መታሁላቸው። ፋይላቸው ውስጥ አስቀምጠውታል፤ የእርስዎ ቃል ቀበሌያችን ገባ ማለት ነው።

በማግሥቱ፣ ረቡዕ ዕለት፣ ጓድ አስፋው ለመፈተኛ እንዲሆን በእጃቸው የተጻፈ ረጅም ሪፖርት ሰጡኝ። እሳቸው ሲጽፉ ዶሮ የጫረው ነው የሚመስለው። ረቡዕና ሐሙስ ከቀትር በኋላ ተቀምጬ ጨረስኩት። የገና በዓል ዓርብ ስለነበረ ክዳኗ ተዘግቶ ዋለ፣ ቅዳሜና እሑድም አልነካኋትም፤ ያሳደጉኝ እርስዎ ነዎትና በዚህ አይጠርጥሩኝ። ሰኞ ጥር ሁለት ሪፖርቱን ጠረጴዛቸው ላይ አኖርኩላቸው። እርሳስ ይዘው ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበቡት። እርሳሱን አንድ ጊዜም ሳያሳርፉ ፈረሙበትና፣ ዘውድነሽ፣ ከዛሬ ጀምሮ በቀትር ሂጂ አሉኝ። አባዬ፣ ኮሪደር ላይ ወጥቼ አለቀስኩ። ከደስታ ብዛት ነው፣ አይዘኑ።

ይኸው ሳምንቱን እንዲህ ሆኛለሁ። ጠዋት ቀነዓን ለፋዲላ ሰጥቼ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ እወጣለሁ፣ በቀትር እመለሳለሁ። ልጁ ድምፁን ለምዶት ታክ ታክ ሲል ይተኛል፤ ሳቆም ነው የሚነቃው። መርጋም ትናንት ከአሰብ ገብቶ አያት። እንኳን አንቺ እኔም መሪውን ይዤ ልጽፍባት እችላለሁ ብሎ ቀለደብኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ጉዳይ ልምጣ። ይህን ደብዳቤ በመኪና የጻፍኩት ለመኩራራት አይደለም። ፊደሉ ጎላ ብሎ ይታያል፤ መስመሩን አራርቄ፣ ግራና ቀኙን ሰፊ ባዶ ትቼ ነው የመታሁት። ሰብስቤ ሳያነብልዎት በራስዎ ዓይን እንዲያነቡት ብዬ ነው። ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ደጅ ይቀመጡና ጉልበትዎ ላይ ያድርጉት። ያቺ ብድግ የምትለው ፊደል የትኛዋ እንደሆነች አልነግርዎትም። ፈልገው ያግኟትና በቀይ ቀለም ይክበቡልኝ፣ ወረቀቱን ይመልሱልኝ። ሌላም ስሕተት ካገኙ አይማሩኝ። ቀዩ ከመጣ ዓይንዎ እንደሚያይ አውቄ እፎይ እላለሁ፤ ከፊተኛው ጎን ሣጥኔ ውስጥ አኖረዋለሁ። ካልመጣ ግን ለፋሲካ ልጄን አዝዬ እመጣና፣ ቢወዱም ባይወዱም፣ አዲስ አበባ የዓይን ሐኪም ዘንድ እወስድዎታለሁ።

እማዬን ጥሩነሽን ጉልበቷን ስሜ ሰላም ብያለሁ ይበሉልኝ፤ የላከችው ቅቤ ደርሶኛል፣ ቀነዓም በእሱ ታሽቶ ወዝቷል። አክስቴ ሸዋወርቅን፣ የቀድሞ ተማሪዎችዎን፣ ጎረቤቱን ሁሉ በያሉበት ሰላም ይበሉልኝ። መርጋ ከመሬት ዝቅ ብሎ እጅ ነስቷል። ቀነዓ እስካሁን ሰላምታ አያውቅም፣ ምራቁን ግን በወረቀቱ ጠርዝ ላይ ልኮልዎታል፤ ያ ነጠብጣብ የእኔ ስሕተት አይደለም። ለሰብስቤም ሰላምታዬን ያድርሱልኝና ፊደሏን ቀድሞ ቢያገኛት እንኳ አፉን እንዲይዝ ይንገሩልኝ። መጀመሪያ ግን የቀለም ቀንዱን ከምሰሶው ያውርድልዎት፣ ቀዩንም ያርጥብልዎት።

ልጅዎ ዘውድነሽ ወልደአማኑኤል
በናዝሬት ከተማ፣ በጉልበቴ ላይ ተጻፈ።
ጥር 6 ቀን 1975 ዓ.ም.