አሥራ አራተኛው መስመር

ውድ ቀጮ፣

መንጋጋህ እንዴት ነው ብዬ ልጀምር ነበር፤ የሰበረው ሰው ሲጠይቅ ግን ያስቃል። ለነገሩ አሁን መሳቅ ይቻልህ አይቻልህ አላውቅም።

ያን ቅዳሜ ጠዋት የአምቡላንስ ጥሪ አገልግሎቱን ከአሮጌው ዳታ ሴንተር፣ ከራሳችን ኮምፒውተሮች፣ በኢንተርኔት ወደሚከራየው ክላውድ እናዛውር ነበር። አለቃችን ጠረጴዛ እየደበደበ፣ "አንድ ሰከንድ ቢቋረጥ አንገታችሁን ነው የምቆርጠው!" ብሎናል። ዘዴው ቀላል ነበር፦ አሮጌውና አዲሱ ጎን ለጎን ይሠራሉ፤ አሮጌው የሚዘጋው በእሱ በኩል የገባው የመጨረሻ ጥሪ ሲያልቅ ብቻ ነው። ቅደም ተከተሉን በእጄ የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንተ መስመር በመስመር እያነበብክ ትፈጽማለህ። እኔ የጻፍኩትን መርምረህ አታውቅም፤ ታምነኝ ነበር።

እጅህን ወደ ማጥፊያው ስትሰድ ስክሪኑ ከጀርባህ ነበር። እኔ አየሁት። አሥራ አንድ ሰዎች ገና በአሮጌው በኩል እያወሩ ነበር። አንዷ ልጇ ትንፋሽ ያጠረው እናት ነበረች፤ ድምጿን በኋላ ከተቀዳው ጥሪ ሰምቼዋለሁ።

"ተው!" ብዬ ጮህኩብህ።

"አሥራ አራተኛው መስመር 'አሮጌውን ዝጋ' ይላል እኮ" አልከኝ።

መታሁህ። ከነወንበሩ ወደቅክ። አገልግሎቱ አልተቋረጠም። ነገሩ እዚያ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፍም ነበር።

አንተ ግን ከንፈርህ እየደማ ወረቀቱን ዘረጋህልኝ። "የራስህ ጽሑፍ ነው፣ እየው!" አየሁት። "የመጨረሻው ጥሪ እስኪያልቅ ጠብቅ" የሚለውን ከመዝጋቱ ማስቀደም ሲገባኝ አሥራ አምስተኛ አድርጌዋለሁ። የአለቃችን ጫማ ኮሪደሩ ላይ ይሰማ ነበር።

የመጀመሪያው ቡጢ ለደዋዮቹ ነበር። የቀሩት አራቱ አፍህን ለመዝጋት ነበሩ። ደረትህ ላይ በጉልበቴ ቆሜ፣ አጥንትህ ቋ ሲል ሰምቼ እንኳ ደገምኩህ። አንተ አንዴም እጅህን አላነሳህብኝም። አለቃችን ሲገባ ወረቀቱ ኪሴ ገብቶ ነበር።

ምላስ አጥንት የላትም፣ አጥንት ትሰብራለች ይሉ የለ? ቡጢዬ የተወልህን ምላሴ ጨረሰችልህ፤ "ቅደም ተከተሉን ጥሶ ጥሪዎቹን ሊቆርጥ ሲል ነው የደረስኩበት" አልኩ ለአለቃችን። አንተ መንጋጋህ ታስሮ እውነቱን ጽፈህ ብትሰጣቸው "ወረቀቱ የታለ?" አሉህ። አንተን አባረሩህ፣ ለእኔ አጨበጨቡልኝ።

ባለፈው ሳምንት እናትህን መንገድ ላይ አገኘኋቸው። ፊቴን ላዞር ስል ያዙኝ። "አንተም ልጄ ነህ፤ ይቅር በለው፣ ሰው ሊያስጨርስ ነበር አሉ" ብለው እጄን ሳሙኝ። ያንኑ እጅ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

ሰኞ ለአለቃችን ሁሉንም እናገራለሁ ብዬ ልምልልህ ነበር፤ ግን ራሴን አላመንኩትም፤ ፈሪ ነኝ። ስለዚህ ዋናውን ወረቀት በዚህ ፖስታ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ደምህ ጠርዙ ላይ ደርቋል። ኮፒ አላስቀረሁም። እኔ ዝም ብል እንኳ አንተ ትናገራለህ።

መጀመሪያ ግን ይህን ደብዳቤ ለእናትህ አንብብላቸው።

መንጋጋህን የሰበርኩት፣ ጓደኛህ የነበርኩት