ስለ ዝንቦቼና ስለ ዓይንዎ

ይድረስ መርፌ ከመያዜ በፊት ክር መያዝ ላስተማሩኝ አባቴ፤

አባባ፣ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ እንዴት ነው? ያ ብርድ ሲሆን የሚነሣብዎት ወገብዎስ ተሻለዎት ወይ? እማዬስ ደኅና ናት? ደም ግፊቷን ትለካለች ወይስ እንደ ልማዷ "ሐኪሙ ራሱ የታመመ ይመስላል" እያለች ትቀራለች? ወንድሜ ሬዲዮስ ከነምላሱ ደኅና ነው? ባለቤቱስ እንዴት ችላዋለች? እኔ በጣም ደኅና ነኝ። ናፍቆቱ አለ፤ እሱን ግን እንደ ጥርስ ሕመም ለምጄዋለሁ፣ ካልነካካሁት ያስተኛኛል።

ይህን ደብዳቤ ራስዎ እንደማያነቡት አውቃለሁ። ቀድሞ ራስዎ ሲያነቡ ስልክ ደውለው "በሀሌታው ሀ የሚጻፈውን በሐመሩ ሐ ጻፍሽው" እያሉ ይገሥጹኝ ነበር። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ ስሕተቴን የሚነግረኝ ጠፋ፤ ደብዳቤዬ በሌላ ሰው አፍ እንደሚደርስዎ የገባኝ ያኔ ነው። ሐኪሙ የዓይንዎን ሞራ እናንሣልዎ ሲል እምቢ ማለትዎንም ሰምቻለሁ። የጻፍኩት ስለዚሁ ነው። ወደዚያ እመጣለሁ፤ እስከዚያው ጆሮዎን ይስጡኝ። አንተም ሬዲዮ፣ ታናሽ ወንድሜ፣ የጻፍኩትን ብቻ አንብብ። ከራስህ አትጨምር፤ ያላማረህንም አትዝለል።

በመጀመሪያ የእማዬን ሐዘን ላንሣ። በቀደም በስልክ "አሁን ምን ትሠሪያለሽ?" ስትለኝ "ዝንብ እሠራለሁ" አልኳት። መስመሩ ይቆራረጥ ስለነበር የሰማችው "ዝንብ" የምትለዋን ብቻ ነው። እርስዎ ሱቅዎ ደንበኛ ጠፍቶ ሲውል ማታ ገብተው "ዛሬ ዝንብ እሽ ስል ዋልኩ" ይሏት አልነበር? ልጄ በሰው አገር ሥራ ፈትታ ዝንብ እሽ እያለች ነው ብላ ስታለቅስ ሰነበተች አሉ። እማዬ፣ እንባሽን ጥረጊ። እሽ አልላትም፤ እሠራታለሁ። ለዚያውም ደንበኛ ተሰልፎ ነው የሚገዛኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። እዚህ ወንዝ ዳር ዓሣ የሚያጠምዱ ሰዎች መንጠቆአቸው ላይ ትል አያደርጉም። በትንሽ መንጠቆ ላይ ክርና ላባ ይጠመጠምና የዝንብ መልክ ይሰጠዋል። ያንን በረጅም ዘንግ ወደ ኋላና ወደ ፊት አወናጭፈው ውሃው ላይ ቀስ አድርገው ያሳርፉታል፤ ዓሣው እውነተኛ ዝንብ መስሎት ብድግ ይላል። እኔ የምሠራው ያችን ዝንብ ነው። ሱቁ ከድልድዩ አጠገብ ነው፤ ፊት ለፊቱ መሸጫ፣ ጓዳው የእኔ። መስኮት ሥር አንድ ጠረጴዛ፣ መንጠቆውን ነክሳ የምትይዝልኝ ትንሽ ሞርሳ፣ በየቀለሙ የተለየ ላባ፣ ማስቲሽ የሚሸት አየር አለ። በሩ ላይ የእርጥብ ቦቲ ጫማ መዓት ይደረደራል፤ እሱን የማጸዳው እኔ ስለነበርኩ እስካሁን ሳየው እጄ መጥረጊያ ይፈልጋል።

የሚገርመው ደግሞ ዓሣውን አይበሉትም። ይይዙታል፣ ያዩታል፣ መልሰው ይለቁታል። እርስዎ "ያዝ ለቀቅ የሚል ሠራተኛ አልወድም" ይሉ አልነበር? ልጅዎ ይኸው በያዝ ለቀቅ እንጀራዋን ትበላለች።

መጀመሪያ የገባሁት ለጽዳት ነበር። ባለሱቋ አንድ ቀን የተቀደደ የአጥማጅ ሰደርያ ስጠቅም አየችኝና "ክር ታውቂያለሽ" ብላ ሞርሳው ፊት አስቀመጠችኝ። አባባ፣ የመጀመሪያ ዝንቦቼን ቢያገኙ በሳቅ ይፈርሱ ነበር። ልታይ ልታይ ብዬ ወርቃማ ክር፣ ቀይ ላባ፣ በዚያ ላይ ጅራት ጨመርኩበት። ባለሱቋ ወደ መብራቱ አስጠግታ ተመለከተቻትና "ይህቺ ዝንብ ናት ወይስ ሙሽራ?" አለችኝ። ዓሣዎቹም ዞር ብለው አላዩዋትም።

የዚያን ቀን ትዝ ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ሰው ጨርቅ ይዞ ሲመጣ ሜትሩን ከማንሣትዎ በፊት "ሥራህ ምንድን ነው?" ብለው ይጠይቁት ነበር። ተሸካሚ ከሆነ ትከሻውን ያሰፉለታል፤ አስተማሪ ከሆነ ክርኑ ላይ ይደርቡለታል። "ልብስ የሚሰፋው ለባሹ ታይቶ ነው እንጂ ጨርቁ ታይቶ አይደለም" ይሉን ነበር። እኔም ጫማዬን አወለቅኩና ወንዙ ውስጥ ገባሁ። ድንጋይ ገልብጬ፣ ሣር ሥር ጎንበስ ብዬ ዓሣው በርግጥ ምን እንደሚበላ አየሁ። ለካስ ዝንቧ ምስኪን ናት፤ አመድማ፣ ቀጭን፣ ክንፏ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ። በማግስቱ ልክ እሷን ሠራሁ፤ ከዚያ ወዲህ ማንም ሙሽራ ብሎኝ አያውቅም።

በወንዙ ውስጥ ያለው ትራውት የሚባለው ዓሣ ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ይወዳል፤ ጭምት ነው፣ ተጠራጣሪ ነው፤ አንዲት ክር ከበዛችበት ጥሎ ይሄዳል። ከሱቁ ጀርባ ባለው ኩሬ የሚኖሩት የሞቀ ውሃ ዓሣዎች ግን ሌላ ዘር ናቸው። መዳፍ የምታህል፣ ሆዷ ቢጫ የሆነች አለች፤ ያገኘችውን ሁሉ ትነካካለች። እኛ "አፈ ሰፊ" የምንለው ደግሞ አለ። ለእሱ እንቁራሪት የሚያህል ጠጉራም ነገር ስሠራለት ምንድን ነው ሳይል ይውጣል። ሬዲዮ፣ በእናት በኩል ዘመድህ ሳይሆን አይቀርም።

እኔም ማጥመድ ተምሬአለሁ። መጀመሪያ የያዝኩት የባለሱቋን ባርኔጣ ነበር፤ ቀጥሎ የራሴን ቀሚስ። አሁን ግን ፀሐይ ሳይጠነክር ወንዝ ዳር፣ ከሰዓት ኩሬ ዳር ስቆም ራሴን እንደ አንድ የዚህ ቤት ሰው እቆጥራለሁ። ይህ ሁሉ ከእርስዎ የመጣ ነው። ክሩን ሳልቆርጥ ማጥበቅን፣ ቋጠሮ ሲበላሽ ሳልነጫነጭ መፍታትን፣ ሥራ ሳይጨርሱ አለመነሣትን ያስተማረኝ ሌላ ሰው የለም። ሰው ሁሉ መሬት ለልጁ ያወርሳል፤ እርስዎ እጅዎን አወረሱኝ። አመሰግንዎታለሁ፤ ፊት ለፊት ብናገረው ስለሚያሳፍረኝ በወረቀት ይሁንልኝ።

ሌላም ነገር አሰብኩ። ሱቅ ሊዘጉ ሲሉ የነገ መርፌዎችን ሁሉ ሰጥተውኝ "ክር አስገቢባቸው፤ ክር ማስገባት የልጅ ሥራ ነው" ይሉኝ ነበር። እኔ ሥራ ሊያስለምዱኝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ዓይንዎ ያኔም ደክሞ ኖሯል። ለማንም ሳይናገሩ በዚያ ዓይን ሰፍተው አሳደጉን።

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቅዎ። ደንበኛችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ባቡር ነጂ። ዕድሜያቸው ከእርስዎ ዕድሜ አይርቅም፤ ግትርነታቸውም እንደዚሁ። ሁለቱም ዓይኖቻቸው ሞራ ለብሰው ሳለ "እኔ ጭጋግ ውስጥ ባቡር የነዳሁ ሰው ነኝ" እያሉ ሐኪም አልይ ብለው ኖሩ። ወንዙ ላይ ዝንቧን ማየት ሲያቅታቸው ወደ ኩሬው ተሰደዱ። አፈ ሰፊው ሲውጥ ውሃው ይንቦጫረቃልና እዚያ በጆሮ ያጠምዱ ነበር። ባለቤታቸው በዕድሜ ታንሳቸዋለች፤ አጠገባቸው ቁጭ ትልና "አሁን ሳብ" ትላቸዋለች። እሷ አይታ፣ አስባ፣ መነጽሯን አስተካክላ "አሁን" እስክትል ድረስ ዓሣው ተፍቶት ሄዷል። በዚህ የተነሣ ኩሬው ዳር የሚጣሉትን ጠብ ዓሣዎቹም ሳይለምዱት አልቀሩም።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት የገቡት ፍርሃታቸው ስላለቀ አይደለም። ራሳቸው እንደነገሩኝ የፈሩት መቀደዱን አልነበረም፤ ያለቻቸው ጭላንጭል እንዳትጠፋ ነበር። እርስዎም ለሬዲዮ ያሉት ይህንኑ ነው። ባለቤታቸው "ነገ እኔም አርጅቼ ማየት ቢያቅተኝ ማን አሁን ሳብ ይልሃል?" አለቻቸው፤ እሳቸውም በዚሁ ተረትተው ገቡ። ሐኪሙ ስለ ልጆቹ እያወራላቸው አለቀ። ፋሻው ሲነሣ ባለቤታቸውን አዩና "አርጅተሻል" አሏት። እሷም "መስታወት እስኪያመጡልህ ታገሥ" አለቻቸው።

የዘንድሮው ሙቀት ሳይጠና አንድ ጠዋት ወደ ሱቁ መጡ። የትራውት ዝንብ አቀረብኩላቸውና እንደ ወትሮው ክሩን ላስገባላቸው እጄን ስዘረጋ "ተይ" አሉኝ። የመንጠቆዋ ዓይን ከመርፌ ዓይን ትጠባለች። ሳቱ፣ ምላሳቸውን ነከስ አድርገው ደግመው ሳቱ፤ እኔ እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ቆምኩ። ገባላቸው። ይሄዳሉ ስል አልሄዱም። ዝንቧን መዳፋቸው ላይ አድርገው ክንፏን፣ ወገቧ ላይ ያለውን የክር ጥምጥም እያገላበጡ አዩ። "ይህን ሁሉ ጊዜ ከእጅሽ ስቀበል ምን እንደምትሰጪኝ አላውቅም ነበር" አሉና ቆባቸውን አውልቀው አመሰገኑኝ።

አባባ፣ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ያለቀስኩት በእሳቸው አይደለም፤ የእርስዎ ስፌት ታይቶኝ ነው። በኋለኞቹ ዓመታት የሰፉትን ልብስ በጣትዎ ዳስሰው ነው እንጂ አይተው አላስረከቡም። ያ ቀጥ ያለ ስፌትዎ እንዴት እንደሚያምር ሰፈሩ ሁሉ አይቷል። ያላዩት እርስዎ ብቻ ነዎት።

ዘንድሮ እዚህ ሙቀቱ በረታ። ትራውት ውሃው ሲሞቅበት ትንፋሽ ያጥረዋል፤ በዚያ ሰዓት ከተያዘ ቢለቁትም አይተርፍም። ባለሱቋ በየማለዳው ቴርሞሜትር ይዛ ወደ ወንዙ ትወርድ ነበር። ገና ወንዙን የሚጠብቁት ሰዎች ሳይዘጉት እሷ ገበያው ይቅርብኝ ብላ የትራውት ዝንብ መሸጥ አቆመች፤ በሩ ላይም "ትራውት ዕረፍት ላይ ነው፤ ወደ ኩሬ ዝለቁ" የሚል ወረቀት ለጠፈች። አሁን ወንዙም ተዘግቷል። ለአፈ ሰፊ የሚሆነውን ሠርቼ መደርደሪያውን ሞላሁት። የእርስዎን ነገር ነግሬያት ስለነበር "ዓሣው ሲያርፍ አንቺ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ውሃው እስኪበርድ ሂጂና አባትሽን ደግፈሽ ሐኪም ቤት ግቢ" አለችኝ። ይመርቁልኝ፤ ጥሩ ሰው ገጥሞኛል።

ስለዚህ እመጣለሁ። ቲኬቱ ተቆርጧል፤ ቀጠሮውንም ሬዲዮ አስይዟል። ያዘዝኩት እኔ ነኝና አይቆጡት። ይህን መስመር ሲያነብ ድምፁ ከሰለለ ምክንያቱ ይኸው ነው። አስገድጄ አልወስድዎትም፤ እማዬ በኖረችበት ዕድሜ ሁሉ ያልተሳካላትን እኔ በአንድ ጉዞ አላሳካውም። ምንም አይፈጠርም ብዬም አልምልልዎትም። ጭላንጭሏ የእርስዎ ናት፤ ስለ እሷ ቢፈሩ ተገቢ ነው። እኔ የምችለው በሩ ድረስ እጅዎን ይዤ መሄድ፣ ሲወጡም እዚያው መገኘት ነው።

እማዬን ጉንጯን ይሳሙልኝ፤ ደም ግፊቷን የምለካው እኔ ነኝ ይበሏት። የሬዲዮን ባለቤት ትዕግሥቱን ያብዛልሽ ይበሏት፤ ያዘዘችኝን ክር በሦስት ቀለም ይዤላታለሁ። በር ላይ ሲቀመጡ ለጎረቤታችን ለጫማ ሰፊው የእኔን ሰላምታ ያድርሱልኝ። ሬዲዮ፣ አንተን ምን ልበልህ፤ ዓይን ሆነህ ስለቆየህላቸው ውለታህ አለብኝ።

አባባ፣ ሐኪሙ ፊት "ያየሁት ይበቃኛል" ብለዋል አሉ። ብዙ አይተዋል፤ አልክድም። ግን እኔን ሲሸኙ ልጅ ነበርኩ። አሁን ግንባሬ ላይ የእርስዎ መስመር ወጥቷል፣ ጣል ጣል ያለ ሽበትም አለኝ፤ እማዬ ፎቶዬን አይታ "ቁርጥ አባቷን" አለች። እርስዎም ፎቶውን ተቀብለው፣ ወደ መስኮት አዙረው፣ ብዙ አይተው "ታምራለች" ማለትዎን ነግረውኛል። የያዙት ገልብጠው ነበር። ማንም ደፍሮ አልነገረዎትም፤ እኔ ግን እነግርዎታለሁ፤ እኔን ገና አላዩኝም።

ልጅዎ

ከድልድዩ አጠገብ ካለው ሱቅ ጓዳ
እሑድ ከሰዓት በኋላ፣ ወንዙ በተዘጋ ሰሞን