ውጤት ሁለት ጊዜ እንዲነበብ ያስተማሩን ባልደረባችን ስለማረፋቸው

ከዘረመል ምርምር ማዕከሉ፤ ለባልደረቦች፣ ለታካሚ ቤተሰቦችና ለኅብረተሰቡ

የትልቁ አንጀት ካንሰር ምርምር ክፍላችንን የመሩት፣ በቤተ ሙከራው «እትዬ ቆይ እስቲ» እየተባሉ የሚጠሩት ባልደረባችን፣ ሃያ ስድስት ዓመት ባጠኑት በዚያው ሕመም ባለፈው ማክሰኞ ረፋድ ላይ አርፈዋል። ማዕከላችን ታላቋን እንዳጣ ቤት ሆኗል።

በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት፣ በሽታው በዘር የሚወርድባቸውን ሠላሳ ስምንት ቤተሰቦች መዝግበው፣ ከየቤቱ ማን ቀድሞ መመርመር እንዳለበት ለይተዋል።

በአሥራ አንደኛው ዓመት፣ በአንድ መደርደሪያ ጎን ለጎን የተቀመጡ የእኅትና የወንድም ደም ናሙናዎች ተቀያየሩ። የተበላሸውን ጂን የወረሰችው እኅት «ነፃ ነሽ» ተባለች። ስህተቱን ያገኙት ባልደረባችን ራሳቸው ናቸው፤ በስህተቱ ሪፖርት ላይ ተጠያቂ አድርገው የራሳቸውን ስም አስፍረው በዚያው ዕለት ከቤተሰቡ ደጃፍ ደረሱ። ወንድምየው «እትዬ፣ ሌላ ሰው ቢሆን ዝም ብሎ ባለፈው ነበር» ብሏቸዋል። በእኅቲቱ አንጀት ላይ የበቀለው እብጠት ወደ ካንሰር ሳይለወጥ ተወገደ። ከዚያ ወዲህ የአንድ እናት ልጆች ደም በአንድ መደርደሪያ አያድርም፤ የትኛውም ውጤት ከሁለተኛ ብልቃጥ፣ በሁለተኛ ሰው ሳይነበብ አይነገርም። ለመፈረም የሚቸኩል ባልደረባ ሲያዩ «ቆይ እስቲ፣ ብዕሩ እግር የለው፣ አይሸሽ!» ይሉ ነበር፤ ስማቸውም ከዚሁ ወጣ።

በአሥራ ዘጠነኛው ዓመት ፊታቸውን ፕሮቲን ወደማይሠሩት አር ኤን ኤዎች መለሱ። ብዙዎች ትርፍ ነገር አድርገው ያዩአቸው የነበሩት እነዚህ ሞለኪውሎች የጂኖችን ሥራ ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። ባልደረባችን ከመካከላቸው አንዱ ከጤነኛው ይልቅ በታመመው የአንጀት ሥጋ ላይ በዝቶ አግኝተውታል። «ተዛምዶ አየን እንጂ መንስኤውን አላገኘንም» ብለው የጻፉትን ግን አንድም ቃል እንዲቀየር አልፈቀዱም።

ከማረፋቸው ሦስት ሳምንት በፊት የእርሳቸውም ሕመም የሚወረስ መሆኑ ታወቀ። ከዚያ በኋላ ያስጨነቃቸው የገዛ ሕመማቸው ሳይሆን የአንድያ ልጃቸው ዕጣ ነበር። በእጃቸው የተዉልን ማስታወሻ አንድ መስመር ነው፦ «የእሷንም ሁለቴ አንብቡ።»

በልጃቸው ፈቃድ እንደምንገልጸው፣ የደማቸው ምርመራ የመጀመሪያ ንባብ ተጠናቋል፤ ሁለተኛው ሐሙስ ይደረጋል። እስከዚያ ለማንም አንናገርም፤ ከዚያም የምንናገረው ለልጃቸው ብቻ ነው።

ለልጃቸው፣ ለወንድሞቻቸውና አብረዋቸው ለሠሩ ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን። እስከ ሐሙስ ያለው መንገድ ሩቅ እንደሚሆን እናውቃለን። ልጃቸው ብቻቸውን አይጠብቁም፤ ከንባብ ጠረጴዛው አጠገብ የእናታቸውን ወንበር አዘጋጅተንላቸዋል።