የእጅጋየሁ ዕቁብ በስልኬ ውስጥ

ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ

ጠዋት ሦስት በሽተኞች ሐኪም ቤት አደረስኩ። ቫኑን አጥቤ መለስኩ። ቤት ገብቼ ምስር ሠራሁ፤ ጨው በዛበት። ባለቤቴ ስንታየሁ ብትኖር ትስቅብኝ ነበር... ካረፈች ሦስት ዓመት ሊሞላ ነው፤ እኔ አሁንም ጨው መመጠን አልቻልኩም።

ዛሬ የዕቁብ ቀን። ድሮ ይሄኔ ቸርች አዳራሽ ውስጥ ነበርን። ከኮቪድ ወዲህ ግን ሁሉም በስልክ ሆኗል። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ አድርጌ ሶፋ ላይ ቁጭ... ትን! አንዱ ላከ። ትን! ሌላው። አሥራ አምስት ዕቁብተኛ፣ አንድ ሰው እንኳ ከቤቱ ሳይወጣ! ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩት እኔ ዘነበ፣ የዕቁብ ዳኛ ሆኜ በአፕ ስሰበስብ! ብቻዬን አጨበጨብኩ።

ዕጣውን ዶክተር እምሩ በቪዲዮ አወጡ። ጡረታ የወጡ የዩኒቨርሲቲ መምህር ናቸው፤ ወረቀት ሲገልጡ እንኳ ፈተና የሚያርሙ ይመስላሉ። "እጅጋየሁ!" አሉ። እልልታዋ ጆሮዬን ሊበጥሰው ምንም አልቀረው። ስንት ዓመት ሳሎኗ ውስጥ ልብስ ስትሰፋ፣ እዚያው ልጆች ስታሳድግ የኖረች ሴት... አሁን ዳውንታውን ኦክላንድ የስፌት ሱቅ አግኝታለች። ኖቬምበር 3 የኪራይ ውሉን፣ ሊዙን፣ ትፈርማለች። የምታስይዘው ዲፖዚት ይሄው ዕቁብ ነው።

ቆየት ብላ ደወለች።

"ጋሽ ዘነበ፣ እስክፈርም እርስዎ ጋ ይቆይልኝ።"

"ለምን? አሁኑኑ ልላክልሽ እንጂ።"

"እኔ ጋ ከገባ ያልቃል። ልጄ ለመኪናው ጎማ ይላል፣ ካገር ቤት ይደወላል... እርስዎ ጋ ከሆነ ተኝቼ አድራለሁ።"

እኔን ተማምና ተኝታ የምታድር ሰው አለች! ጌታ ሆይ ተመስገን።

ኦክቶበር 5፣ እሑድ

ልጄ ሩቲ ከካምቤል መጣች። ከቸርች በኋላ ምሳ በላን። ስልኬን አሳየኋት፤ ልኮራ ፈልጌ ነው።

"ዳድ፣ ይሄ ሁሉ መኒ ለምን እዚህ አለ? ሙቭ ኢት።"

"ወዴት?"

"ቱ ዘ ባንክ! ዲስ ኢዝ ኖት አ ባንክ፣ ዳድ። ቢዘጉትስ? ሁ ዊል ዩ ኮል?"

ልጄ አማርኛ ትሰማለች፤ ስትመልስ ግን እንግሊዝኛ ይቀድማታል።

"ኩባንያውን ነዋ!"

"ጉድ ላክ" ብላ ሳቀች። ሰኞ ወደ ባንክ አዞረዋለሁ አልኳት።

ኦክቶበር 8፣ ረቡዕ

ሰኞ አላዞርኩም። ማክሰኞም አላዞርኩም። ለምን? ለራሴ ነው የምጽፈው፤ እውነቱን ልጻፍ። ማየት እወዳለሁ። ቫን ውስጥ ሆኜ በሽተኛ ስጠብቅ እከፍተዋለሁ። ያ ሁሉ ገንዘብ ከስሜ ሥር ተጽፎ... የእኔ አይደለም። አውቃለሁ። ግን በዕድሜዬ ይሄን ያህል በስሜ አይቼ አላውቅም። ማየት ብቻ ኃጢአት ነው እንዴ?

ኦክቶበር 10፣ ዓርብ

ዛሬ ጉድ ነው! በምሳ ሰዓት ትን! አለ። ስምንት መቶ ዶላር። ከማን? ጄኒፈር ከምትባል። ማን ናት? ጥቂት ቆይቶ መልእክት መጣ... ተሳስታ ነው፣ የቤት ኪራይ ነው፣ ልጆች አሏት፣ ዛሬ ካልከፈለች ያስወጧታል። "ፕሊዝ ሰር፣ ፕሊዝ።"

ቫኑን ጥግ አስያዝኩ። ጸለይኩ። ረጅም ጸሎት አላስፈለገውም፤ የሰው ገንዘብ የሰው ነው። እዚያው መልሼ ላክሁላት። "ጋድ ብሌስ ዩ" አለችኝ። ሌላ ሰው እጅ ገብቶ ቢሆንስ? የሴትዮዋ ልጆች ደጅ ሊያድሩ! እግዚአብሔር ከዚህ ሁሉ የካሊፎርኒያ ሕዝብ እኔን መረጠ... ከሰዓቱን ሙሉ እየዘመርኩ ነዳሁ። ኋላ የተቀመጡት አሮጊት ቻይናዊት ቃሉ ባይገባቸውም አብረውኝ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

ኦክቶበር 12፣ እሑድ

መሰከርኩ! እኔ! በዚያ ቸርች ስኖር መድረክ ወጥቼ አላውቅም። ፓስተሩ "ምስክርነት ያለው?" ሲሉ እግሬ ራሱ ተነሣ። የጄኒፈርን ነገር ተናገርኩ። "ሃሌሉያ!" አሉ፤ ጭብጨባው ቀለጠ። እጅጋየሁ ከኋላ ቆማ ስታጨበጭብ አየሁ።

ስንወጣ ዶክተር እምሩ ክንዴን ያዙኝ።

"ዘነበ፣ ለመሆኑ ሴትዮዋን ታውቃታለህ?"

"አላውቃትም! ባውቃትማ ምኑን ምስክርነት ሆነ?"

ራሳቸውን ነቅንቀው ሄዱ። ቅናት ነው ብዬ አሰብኩ። ይቅር ይበለኝ፣ ግን እንደዚያ ነው ያሰብኩት።

ኦክቶበር 14፣ ማክሰኞ

አፑን ከፈትኩት። ቀይ ጽሑፍ። ታግዷል ይላል። ዘግቼ ከፈትኩት። ያው ነው። ሩቲ ጋ ደወልኩ፤ ገብታ አየችልኝ።

ጄኒፈር የላከችው ከተሰረቀ ካርድ ነበር። ኩባንያው ሲደርስበት የእሷን ስምንት መቶ ወሰደ። እኔ የመለስኩት ታዲያ ከየት ሄደ? ከዕቁቡ! ከእጅጋየሁ ዲፖዚት ላይ! እሱ ብቻ አይደለም። አሥራ አራት ሰው በአንድ ቀን ለአንድ ሰው ገንዘብ መላኩን ማሽኑ ጠርጥሯል። ዕቁብ ምን እንደሆነ ማን ነግሮት? የቀረውም እስኪመረመር ተቆልፏል። ምናልባት ስድስት ወር ይላል።

"ዳድ..." አለች። ነግሬህ አልነበር አላለችም። ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

ኖቬምበር 3 ሊዝ ትፈርማለች። እጅጋየሁን ምን ልበላት?

ኦክቶበር 15፣ ረቡዕ

ደወልኩ። ማሽን ነው፤ አንድን ተጫን፣ ሁለትን ተጫን። በጽሑፍ ሞከርኩ። "ሃይ ዘነበ! ምን ልርዳህ?" ይላል። ገንዘብ ተቆልፎብኛል አልኩት። መበሳጨትህ ይገባኛል አለኝ። ሰው ነህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አይደለሁም፣ ግን ላግዝህ ዝግጁ ነኝ አለኝ። አሳቀኝ። ብቻዬን ከት ብዬ ሳቅሁ፤ ከዚያ ፈራሁ።

አንድ ነገር ግን መጣልኝ! አባቴ በመሬት ጉዳይ አውራጃ ገዥው ደጅ አንድ ክረምት ሙሉ ጠንቷል። በዝናብ ቆመ፣ በጭቃ ቆመ፤ በመጨረሻ ጠርተው ሰሙት። ባለጉዳይ ደጅ ይጠናል። ይሄም ኩባንያ ደጅ አይጠፋውም። አለው! ሩቲ አድራሻውን አገኘችልኝ፤ ሳን ሆዜ ነው። ዓርብ ዕረፍት ወሰድኩ። ሙሉ ልብሴን አወጣሁ። እጅጋየሁ ሳትሰማ አስከፍተዋለሁ!

ኦክቶበር 17፣ ዓርብ

በባርት ባቡር ሄድኩ፤ ሩቲ ከጣቢያ ወሰደችኝ። ሕንፃው ሁሉ መስታወት ነው። ጥበቃው የኛው ልጅ ሆኖ አገኘሁት፤ ክብሮም ይባላል።

"አባቴ፣ ማንን ፈልገው ነው?"

"ኃላፊውን።"

"የቱን ኃላፊ?"

"ገንዘቡን የያዘውን።"

ሳቀ፤ የንቀት ሳቅ አይደለም። "እዚህ ኮምፒውተር ላይ የሚሠሩ ልጆች ናቸው ያሉት። ደንበኛ አያነጋግሩም። እንደ እርስዎ የሚመጣ ሰው አይጠፋም፣ ሁሉንም ነው የምመልሰው።"

"ግድ የለም፣ እጠብቃለሁ።"

"እስከ መቼ?"

"እስኪወጣ።"

"ዳድ፣ ኖባዲ ኢዝ ካሚንግ" አለች ሩቲ። ክብሮም ወንበር አምጥቶ ጥላ ሥር አስቀመጠልኝ። ባጅ ያንጠለጠለ ሰው በወጣ ቁጥር ተነሥቼ እጅ ነሳሁ። አንዱ ወጣት ጆሮ ማዳመጫውን አውልቆ፣ "ኡበር ታክሲህ ጠፋብህ?" ብሎ ጠየቀኝ። ደግ ልጅ ነው... ሊረዳኝ ፈልጎ ነው።

ከሰዓት በኋላ ክብሮም አጠገቤ ቁጢጥ አለ። "አባቴ፣ እውነቱን ልንገርዎት። ደጁ ይኸውልዎት። ባለ ደጁ ግን የለም።"

ተነሣሁ። መኪና ውስጥ ሩቲ እጄን ያዘች። "አባዬ፣ ለእጅጋየሁ ዛሬ ንገራት። ከሰው ከምትሰማ።" በአማርኛ! ሳትደናቀፍ! በዚያ ሁሉ ጭንቀት መሃል ደስ አለኝ፤ ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

በቀጥታ ሳን ሊያንድሮ፣ እጅጋየሁ ቤት ወረድኩ። የሙሽራ ቀሚስ ላይ አጎንብሳ ነበር፣ ስፒሎች በከንፈሯ ይዛ። ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት። የጄኒፈርን፣ የመቆለፉን፣ ሰኞ ወደ ባንክ አለማዞሬን። ስፒሎቹን እያወጣች ሰካቻቸው።

"ሁሉም?"

"ሁሉም።"

"ኖቬምበር ሦስት ነው እኮ።"

"አውቃለሁ።"

"ሱቁን የሚጠብቅ ሌላ ሰው አለ። ቀን አይጨምሩልኝም።"

ወደ ቀሚሱ ዞረች።

"ይሂዱ ጋሽ ዘነበ። ለዛሬ ይሂዱልኝ።"

ኦክቶበር 19፣ እሑድ

ቸርች ሄድኩ፤ ከኋላ ተቀመጥኩ። ስመልስ ልቤ ንጹሕ ነበር። ይሄን አልክድም። ወደ መድረኩ ግን ማን አወጣኝ? እግዚአብሔር ነው ወይስ ጭብጨባው? ገንዘቡንስ አደራ የተቀበልኩት እኔ... ለማላውቀው አፕ አደራ የሰጠሁትስ ማን ፈቅዶልኝ? እጅጋየሁ እኔን ነው ያመነችው። እኔ ማንን አምኜ ነው?

ለዕቁብተኛው ሁሉ ደወልኩ። በቪዲዮ አይሆንም አልኩ። ቅዳሜ በአካል፣ አዳራሹ ውስጥ።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

እንዳልረሳው ቶሎ ልጻፍ።

ሁሉም መጡ! አንዷ ልጅ ወልዳ ይዛ መጣች፤ ማርገዟን እንኳ አልሰማንም። ዶክተር እምሩ ከዘራ ይዘዋል፤ ስልክ ላይ ከደረት በላይ ብቻ ነበር የምናያቸው። በየወሩ ትን እያልን ለካ አልተያየንም...

ቆሜ ነገርኳቸው። ሳልቀንስ። "የተቆለፈው ከተመለሰ ለዕቁቡ ነው። ካልተመለሰ የኔ ዕጣ ሲወጣ እሱ ይሙላው። የኖቬምበሩ ያለ ዕጣ ለእጅጋየሁ ይሰጥ። ዳኝነቱንም ተረከቡኝ" አልኩ። አንዱ አጉረመረመ፤ "የኛስ ተራ?" አለ። ልክ ነው። ተከራከሩ፣ ተጯጯሁ፣ ሕፃኑ አለቀሰ። መጨረሻ ላይ ለእጅጋየሁ ይሰጥ ተባለ።

ዶክተር እምሩ ከዘራቸውን መቱ። "ደንብ ደንብ ነው። ከተራ ወጥቶ የሚወስድ ዋስ ይጠራል። እጅጋየሁ፣ ዋስ ጥሪ።"

ተነሣች። ከዚያ ቀን ወዲህ አላነጋገረችኝም ነበር።

"ጋሽ ዘነበን።"

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። "አንቺ፣ ዋስ ነው ያልንሽ፣ ተከሳሽ አላልንሽም!" አለ አንዱ።

እሷ አልሳቀችም። "ለማያውቋት ሴት የሚመልሱ ሰው የኔን ይበላሉ? ሞኝነቱን ሞኝ ናቸው። ስልኩን ቀሟቸው። እሳቸውን ግን ዋሴ አድርጉልኝ።"

ዶክተር እምሩ መነጽራቸውን አወለቁ። "ሌላ ተቃውሞ?" አሉ። የለም። "ዳኝነቱስ?" ሲል አንዱ፣ "ዋስ የሆነ ሰው ወዴት ይሄዳል? እዚያው ይቀመጥ!" ብለው ዘጉት።

ፈረምኩ። ጌታ ሆይ፣ ይሄን ደስታ የት ላስቀምጠው?

ኖቬምበር 1፣ ቅዳሜ

በአዳራሹ ሰበሰብን። ቼክ ያለው በቼክ፣ ጥሬ ያለው በጥሬ። እጅ ለእጅ። ዶክተር እምሩ "ብርሃን ላይ ልየው" እያሉ አስቸገሩ። እጅጋየሁና እኔ በቀጥታ ባንክ። ቦርሳውን በሁለት እጇ አቅፋ፣ እኔ ደግሞ ወደ ኋላ እያየሁ... "ጋሽ ዘነበ፣ መንገዱን ይዩ እንጂ! ያሳደደን የለም" አለች። ሁለታችንም ሳቅን። ባንክ ገባን፤ ገንዘብ ተቀባይዋ ልጅ ስሟን ነገረችን፣ ዓይናችንን አየች፣ ደረሰኝ ሰጠችን።

"ሰኞ ሲፈረም አብረውኝ ይሁኑ" አለችኝ።

"እንደ ዋስ?"

"ኧረ ዋስነቱን ይተዉት። ዝም ብለው ይምጡ።"

ኖቬምበር 2፣ እሑድ

ሸሚዝ ተኮስኩ። ሁለት። አንዱ ቢበቃም።

ኖቬምበር 3፣ ሰኞ

ፈረመች! ቁልፉን ተቀበለች! በሩ አስቸገራት፤ በትከሻዬ ገፋሁት። ባዶ ክፍል፣ አቧራ፣ አንድ ትልቅ መስኮት። መሃል ቆማ ዞረች፤ አንዴ ዞራ አልበቃትም፣ ደገመች።

የስፌት መኪናዎቹን ከተከራየሁት ቫን አወረድን። ከባድ ናቸው። መስኮቱ ሥር አስቀመጥን፣ አልወደደችውም፤ ግድግዳው ጋ፣ አልወደደችውም፤ ተመልሶ መስኮቱ ሥር። ከኩባንያው ኢሜይል መጣ፤ አሁንም በምርመራ ላይ ነን ይላል። እሺ፣ ይመርምሩ። የአሥራ አራት ሰው ዓይን እያየኝ ልከፍል ቃል ገብቻለሁ፤ ከተመለሰ ትርፍ ነው።

ሥራው ግማሽ እንኳ አላለቀም፤ መደርደሪያ የለ፣ መጋረጃ የለ። ላቤን ስጠርግ ኮሌታዬን አየችው።

"ይሄ ተገልብጦ መሰፋት አለበት። አውልቀው ይተዉልኝ። ነገስ ይመጣሉ?"

ሥራ አለኝ ልል ነበር። ነገ እኮ ተረኛ ነኝ።

"በስንት ሰዓት?" አልኳት።